ዓዲ ሓቂ ላይ አክሲዮን ሲወራ

ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በኲሓ በኩል ወደ መቐለ ለሚወርድ ሰው ከተማዋ መጀመሪያ የምትታየው በድንጋይዋ ነው። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን። የጥቅምት ፀሐይ ሲያርፍበት ሁሉም የገብስ ነዶ ይመስላል። የባጃጁ ልጅ ዞር ብሎ፣ «እናቴ፣ ዓዲ ሓቂ የት ጋ ላውርድዎት?» አለኝ። «ገበያው አጠገብ» አልኩት።

ዓዲ ሓቂ በትግርኛ ቃል በቃል ሲፈታ «የእውነት አገር» እንደ ማለት ነው። ዛሬ ከመቐለ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ገበያ አለው፤ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዓዲ ሓቂ ግቢም እዚሁ ነው፤ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ የሚገኝበት። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ገንዘብ በሁለት ቋንቋ ይወራል። ገበያው ውስጥ በኪሎና በጣሳ፣ ግቢው ውስጥ በካልኩሌተር። እኔ የመጣሁት አጎቴን ልጠይቅ ነበር። ሁላችንም «አቦይ» የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ገንዘብ ይወራል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ቡናው ሳይወርድ ተጀመረ።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጃቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኅቱ እዚያው ግቢ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ትማራለች፤ እርሱ ግን ጦርነቱ ትምህርቱን አቋርጦበት ገና እየተንገዳገደ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በዚያው ሳምንት፣ እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 29 ቀን 2025 መሆኑ ነው፣ ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የገበያ ዋጋው 5 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። በዓለም ላይ እዚህ የደረሰ የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። የሚሠራው ቺፕ ነው፤ ልጆቹ ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስብበት ቺፕ። «እቴቴ፣ ዓለም ሁሉ እየገባ ነው፣ እኛ ብቻ ቀረን» አለኝ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ከፈተ። በኤአይ አክሲዮን እነግድላችኋለሁ የሚል መተግበሪያ። ከወር በፊት 8,000 ብር አስገብቷል፤ አሁን ስክሪኑ ላይ 21,400 ይላል። አቦይ ያስቀመጡት 300,000 ብር አለ። ግማሹን ጓሮ ላለችው ክፍል ጣሪያ፣ ግማሹን ለልጅቷ ትምህርት ያሰቡት ነው። ልጁ ከዚያ ላይ 100,000 ይጠይቃል።

አቦይ አልተቆጡም። የተቆጡት አደይ፣ ባለቤታቸው ናቸው። የምድጃውን ከሰል በትንሿ ቁምጣ እየነካኩ፣ «ብር እንደ ጎመን በአንድ ወር ይበቅላል እንዴ?» አሉ።

እኔ ግን የልጁን ጉጉት ማናናቅ አልቻልኩም። ብር ባንክ አስቀምጦ መተኛት ደኅና ነው የሚለው ምክር አርጅቷል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያን ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ነገር ተማረ። ያልተነካ ገንዘብም ይቀንሳል። ስለዚህ «አክሲዮን» የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ወጥቶ የቡና ወሬ መሆኑ የሚገርም አይደለም።

አጋጣሚው ደግሞ ልክ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ በጥቅምት 2017 ተከፈተ፤ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ መግዛት የሚቻለው ትንሹ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፣ ግዢው በቴሌብር። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን፣ ገዢዎቹ 47,377 ነበሩ። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ በ1989 የተቋቋመ፣ ስሙ መቐለ ውስጥ ለማንም እንግዳ ያልሆነ ባንክ። አቦይ ይህንን ሲሰሙ ሳቅ አሉ። «አዲስ ነገር አይደለም» አሉኝ። እርሳቸው ልጅ ሳሉ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ነበር። ደርግ በ1967 ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ሲወርስ እርሱም አብሮ ቀረ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የተዘጋ ሱቅ ነው የተከፈተው።

ከዚያ ተነስተው ከመኝታ ክፍል አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ውስጡ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ ቅጂና በፕላስቲክ የተጠቀለለ የአክሲዮን ምስክር ወረቀት ነበር። የየትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም። ከሃያ ዓመት በፊት በልጆቻቸው ስም የገዙት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ይህንን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ አጎዳ ሥር ቀብረውታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የአቦይ አስተያየት የሚነሳው ከዚህ ነው። ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ትግራይ ውስጥ ባንክ አልነበረም። ሕንፃው አለ፣ ደብተሩ አለ፣ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አለ። ገንዘቡ ግን አይወጣም። የወር ደመወዝ የለም፤ ከውጭ ዘመድ የላከው ብር በሰው በሰው ሲደርስ ለአድራሹ ብዙ ተቆርጦለት ነው። አቦይ በዚያን ጊዜ በደብተራቸው ላይ ለዓመት የሚበቃ ብር ነበራቸው፤ የበሉት ግን የሰዓታቸውንና የአልጋቸውን ዋጋ ነው። በታኅሣሥ 2015 ባንክ ሲከፈት ከወረፋው ፊት ነበሩ። ያወጡት ትንሽ ነው። «ስነካው ነው ያመንኩት» አሉኝ።

እናም ልጁን ጠሩት። «ና እስቲ አጠገቤ ተቀመጥ። 5 ትሪሊዮን ያልከኝን አስረዳኝ።»

ልጁ በደንብ አስረዳ፤ መሰከርኩለት። የመጨረሻው አንድ አክሲዮን የተሸጠበት ዋጋ በአክሲዮኖቹ ብዛት ተባዝቶ ነው። አቦይ ጥቂት አሰቡ። «አንድ ሰው ቅዳሜ ገበያ በሬ ሸጠ እንበል። ጥሩ በሬ ነው፣ ገዢውም ቸኩሏል፣ ጥሩ ዋጋ አገኘ። አንተ በዚያ ዋጋ የወረዳውን በሬ ሁሉ ቆጠርክ፤ ሁላችንም ሀብታም ሆንን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁሉም በሬውን እየነዳ ሲመጣስ?» ልጁ ዝም አለ። እኅቱ ከጓዳ ሆና፣ «አስተማሪያችን ይህንኑ በሁለት ሰዓት ነው ያስረዳን» አለች።

ፈረንጆቹ ራሳቸው የሚፈሩት ይህንኑ ነው። በዚያው ጥቅምት ወር የእንግሊዝ ባንክም ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በኤአይ ምክንያት የአክሲዮን ዋጋ ከልክ በላይ መወጠሩን ጠቅሰው አስጠንቅቀዋል። ማይክሮሶፍት፣ ጎግል፣ አማዞንና ሜታ በዓመት በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለዳታ ማዕከል እያፈሰሱ ነው፤ ያንን የሚመልስ ገቢ ገና በግልጽ አልታየም። ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። ኤንቪዲያ ቻትጂፒቲን በሠራው ኦፕንኤአይ ላይ እስከ 100 ቢሊዮን ዶላር አፈስሳለሁ ብሎ በመስከረም አስታወቀ። ኦፕንኤአይ ደግሞ የኤንቪዲያን ቺፕ ይገዛል። ባለሱቅ ለደንበኛው ብር ሰጥቶ ከራሱ ሱቅ ሲያስገዛው ማለት ነው። ሽያጩ ይደምቃል፤ ደንበኛው የራሱ ገቢ እስኪኖረው ግን ድምቀቱ ከአንድ ኪስ የወጣ ነው። ዋጋው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ደግሞ በጥር 2017 ታይቷል። ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ድርጅት በርካሽ የተሠራ ኤአይ ይዞ ሲመጣ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ አጣ። ያ የሆነው የእኛ ገበያ አዲስ አበባ ላይ በተከፈተ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። ከዚያ ዋጋው ተመልሶ ወጣ፤ ወጣቶቹ የሚያስታውሱት መውጣቱን ነው።

ይህ ሁሉ ለዓዲ ሓቂ ምኗ ነው የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር፤ ማታ ስልኩ እስኪጮህ። የአቦይ ልጅ፣ አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረችው፣ ደወለች። የጡረታ ቁጠባዋ እንደ ብዙዎቹ እዚያ እንዳሉ ዘመዶቻችን በአክሲዮን ነው የተቀመጠው፤ አምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎችን በአንድ ቅርጫት የሚገዛ ፈንድ። ከቅርጫቱ ሲሶ የሚሆነውን የያዙት ግን ሰባት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ናቸው። ቁጠባዋ በሁለት ዓመት እጅግ አድጓል። «አባዬ፣ ለጣሪያው ከዚያ ላይ ላንሳ ወይስ ትንሽ ይደግ?» አለች።

አቦይ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። እኔ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። የማምንበትን ነው የነገርኳት። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ለጣሪያ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና የምትፈልጊው ገንዘብ ሌሎች ሲሸጡ አንቺም ለመሸጥ በምትገደጂበት ቦታ መቀመጥ የለበትም፤ ሃያ ዓመት የማትነኪው ግን ወርዶ እስኪወጣ ይታገሣል። በቅርጫት መግዛቷም አንዱን ኩባንያ ከመግዛት ይሻላል። «አረፋ ነው?» አለችኝ። አረፋም ቢሆን መቼ እንደሚፈነዳ የሚናገር ሰው ካገኘሽ አትስሚው አልኳት። ጣሪያው ክረምት ሳይመጣ መሠራት አለበት፤ ክረምቱ የሚመጣበት ቀን ግን ይታወቃል። ሳቀችና ላንሳው አለች።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኤንቪዲያ እውነተኛ ኩባንያ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ አለው፣ ትርፍ አለው። የልጁ መተግበሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ አገር የሚኖር ሰው ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ እንደ ልቡ የውጭ አክሲዮን የሚገዛበት ክፍት በር የለውም። በአገር ውስጥም ቢሆን አክሲዮን የሚያገበያይ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ትልቅ ድግስ ባለበት የሌባ እጅ አይጠፋም፤ የኤአይ ስም ደግሞ አሁን ትልቁ ድግስ ነው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት አቦይ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ 100,000 ልሰጥህ እችላለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን 21,400 አውጥተህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አድርግልኝ። ሁሉንም አልልህም፤ 1,000 ብር ብቻ።»

ልጁ ደስ ብሎት ስልኩን ነካካ። «ማውጣት» የሚለውን ተጫነ። ጠበቅን። መልስ መጣ፤ ገንዘብዎን ለማውጣት አስቀድመው የትርፍ ግብር 15 በመቶ ያስገቡ ይላል። እንደገና ሞከረ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር እኅቱ ሻዩን ከፊቱ አነሳች። ማንም ምንም አላለም። አቦይ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከድነው ይዘውት ወደ ውስጥ ገቡ። 8,000 ብሩን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም፤ በኋላ እንደሰማሁት የጓደኛውን ሞተር እያጠበና የግንብ ድንጋይ እየተሸከመ ነው ያጠራቀመው።

በማግስቱ አደይ ገበያ ላኩን፤ እኔንና እርሱን። የዓዲ ሓቂ ገበያ ጠዋት ላይ ሞቅ ይላል። ነጭ ማር በባልዲ፣ በርበሬ በጆንያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጨው። መቐለ ከጨው ጋር ያላት ነገር የቆየ ነው። ከአፋር ዝቅታ በግመል እየተጫነ በበርሃሌ በኩል የሚወጣው ጨው የሚራገፈው እዚህ ነበር። አሞሌው ደግሞ እስከ ባለፈው ምዕተ ዓመት ድረስ በአገሩ ሁሉ ገንዘብ ነበር፤ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ለልጁ ይህንን ሳጫውተው፣ «ዋጋው ሲወድቅስ?» አለኝ። «ቢወድቅም ወጥ ውስጥ ይገባል» አልኩት። ቅዝቅዝ ያለ ፈገግታ አሳየኝ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ሻንጣዬን ይዞልኝ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ኲሓ ልንደርስ ስንል ነው የጠየቀኝ። «እቴቴ፣ ያ ትልቁ ኩባንያም ውሸት ነው ማለት ነው?» አይደለም አልኩት። ኢንተርኔት በመጣ ጊዜም ኢንተርኔቱ እውነት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በመጋቢት 2000 ሲስኮ የሚባለው የኢንተርኔት ዕቃ ሠሪ ከዓለም ውዱ ኩባንያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ገበያው ወረደ። ሲስኮ አልጠፋም፤ ዛሬም ይሠራል፣ ያተርፋል። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን ወደዚያ ከፍታ ለመመለስ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶበታል።

«ሃያ አምስት ዓመት?» አለና ጣቱን አጣጥፎ ቆጠረ። «አርባ አራት ይሆነኛል።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መተግበሪያውን አጠፋው፤ ወይም ያጠፋው መሰለኝ። ባጃጁ ሲቆም ሻንጣዬን ይዞ ቀድሞኝ ወረደ።