«ጾሜ ፈረሰ እንዴ?»



በወላይታ ሶዶ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። «የምን ስፔሻሊስት ነህ?» ይሉኛል፤ የልብ ወይም የዓይን ብሆን ኖሮ ባላስቸገርኳቸው ነበር። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሰጠት የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ ለብዙው ሰው እንግዳ ነው። ሥራችን በበሩ የገባውን ሁሉ በመጣበት ተራ ሳይሆን በሕመሙ ክብደት መቀበል ነው። ቀድሞ መጥቶ የሚጠብቀው ሰው ይቆጣናል፤ አልፈርድበትም።

ባለፈው ረመዷን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንድ አባት ከቦዲቲ በባጃጅ ተጭነው መጡ። ራሳቸውን ስተዋል፤ ልብሳቸው በላብ ርሷል። ቤተሰቡ ጂን መስሏቸው ከዙህር ጀምሮ ቁርኣን ሲቀሩላቸው ቆይተዋል። የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን፣ በሱሑርም ግሊቤንክላማይድ መዋጣቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ነች። ጣታቸውን ወግተን ስንለካ ስኳራቸው 28 ሆኖ ተገኘ። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገለጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ጾሜ ፈረሰ እንዴ?» የሚል ነበር።

ልጅቷ አለቀሰች። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ስኳር በጥብጣ ልታጠጣቸው አስባ፣ ጾም ማስፈታቱን ፈርታ ትታው ኖሯል። ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ ሰው ወዲያው ማፍጠር አለበት፤ አላህ ለሕመምተኛ ፈቅዷል፤ ቀዷእ አለ፣ ለማይችልም ፊድያ አለ። ራሱን ከሳተ በኋላ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ትን ይለዋል። ቁርኣኑም ቢሆን ባጃጁ ውስጥ እየተጓዙ ይቀራል።

አባት «ደህና ነኝ ልጄ፤ ለኢፍጣር ቤቴ ልድረስ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ፣ በሌላ ቦታ፣ እንዲሁ የነቁ አንድ ሰው ወደ ቤታቸው ሸኝቼ ነበር። ያ ኪኒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ስኳሩን ደግሞ ያወርደዋል። ሌሊቱን መልሰው አመጧቸው፤ አልደረስንላቸውም። ይህን ሙያ እንድማር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። በዱዓዬ አነሳቸዋለሁ።

የቦዲቲው አባት አልጋ ይዘው አደሩ። መግሪብ ላይ በቴምርና በሾርባ አፈጠሩ፤ እኛም በየሰዓቱ እንለካቸው ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስኳራቸው እንደገና 51 ገባ። ግሉኮሱን ስቀጥልላቸው፦

«ነገም አልጾምም ማለት ነው?» አሉኝ።

«ነገም አባባ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።