የጅማ በረንዳ

ቤት ከዝናብ መጠለያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የግንበኛና የአናጢ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ቤት የአንድ ሕዝብ አኗኗር ቅርጽ ይዞ የሚቆምበት ሥራ ነውና፣ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ሲታነጽ የሚጠየቀው ስንት ፎቅ ወጣ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ማን ገባበት፣ ከገባስ በኋላ እንዴት ኖረበት ተብሎ ጭምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጅማ ጥሩ ምስክር ናት። በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራን ጥበብ ዛሬም ያስተምራል። በሒርማታ ገበያ ዙሪያ ያደገችው ከተማ፣ እንዲሁም እንደ አጋሮና ሊሙ ገነት ያሉት የቡና ከተሞች በእንጨትና በጭቃ ለአየሩ የሚስማማ ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር አዘግይቶ ያስገባል፤ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይመክታል። ወደ ውጭ የረዘመው የጣሪያ ክፈፍ ብርቱውን የክረምት ዝናብ ከግድግዳው ያርቃል። ከሥሩ ያለው በረንዳ ደግሞ ቡና የሚለቀምበትና የሚቆላበት፣ ጎረቤት በባለ ሦስት እግር በርጩማ ተቀምጦ የሚመካከርበት ሥፍራ ነው።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ቤቶች ዕድሜ ገፍቷል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ፣ የቀበሌ ቤቶች ዝቅተኛ ኪራይ ድሃውን በመሐል ከተማ አቆይቶታል፤ ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ ግን አላስገኘም። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ኋላ ጅማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ችግሩን ለማቃለል የታሰበ ነበር። በብሎኬትና በተገጣጣሚ የኮንክሪት አካላት የግንባታው ወጪ ቀነሰ። ሆኖም በአዲስ አበባ እንደታየው፣ ዕጣ ከደረሳቸው ድሆች ብዙዎቹ ቅድሚያ ክፍያውና የባንክ ዕዳው ስለከበዳቸው ቤቱን ለሌላ አከራይተው ወደ ርካሽ ኪራይ ተመልሰዋል። እንግዲህ ርካሽነት በግንባታው ዕለት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በየወሩ በሚከፈለው ገንዘብም ይለካል።

ከወርኃዊው ወጪ አንዱ ማገዶና መብራት ነው። ከጅማ በማይርቀው በግልገል ጊቤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ቆሟል። ሆኖም «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንዲሉ፣ በግድቡ ጎረቤት ብዙ እናቶች ዛሬም ከሰል ያቀጣጥላሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ይህም ባለ 10 ዋት አምፖሎች 300 እንደማብራት ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቤት የኃይል ቁጠባ ከአምፖሉ በፊት ከማድ ቤቱ ይጀምራል። በጋራ መኖሪያዎቹ ግቢ እንጀራ መጋገሪያ የጋራ ቤት እንዲኖር መታሰቡ በዚህ ረገድ ብልህነት ነበር፤ በሚገባ ቢያዝ ወጪንም ጢስንም ይቀንሳል።

የጅማ አየር ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የግድ አይልም። የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው ጠባቡን ግድግዳ ብቻ ነው። መስኮቶች ትይዩ ሆነው ቢከፈቱ ነፋስ ይተላለፋል። ከላይኛው ፎቅ ቆርቆሮ ሥር ሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ ቢኖር፣ በየደጃፉም ሰፋ ያለ ጥላማ በረንዳ ቢወጣ፣ የቀድሞው ቤት ዕውቀት በአዲሱ ውስጥ ይቀጥላል።

አሮጌ ሠፈር ሲታደስ መሐንዲሱ ከመለኪያው ጋር ይህንን ዕውቀት ይዞ መግባት ይኖርበታል። የሥራው ፍሬ የሚታየውም ሪባን በተቆረጠ ዕለት ሳይሆን፣ ከፈረሰው ቤት የወጣችው እናት ከዓመታት በኋላ በዚያው ሠፈር፣ በራሷ በረንዳ ላይ፣ ጎረቤቶቿን ቡና ስትጠራ ነው።