በአዲሱ የሥጋ ማጠኛ በመጀመሪያ ምን ይግባበት?

አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ ደስታን ብቻ ሳይሆን ክርክርንም ይዞ ይገባል። ይህንንም ባለፈው ክረምት በቦንጋ በሚገኘው ቤታችን አይተነዋል። በአሜሪካ የሚኖረው ልጃችን፥ አያቱ በማድቤት ጢስ ምክንያት ዓይናቸውን እንደ ታመሙ በሰማ ጊዜ፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሥጋ ማጠኛ ላከልን። ዕቃው ትንሽ ቁም ሣጥን ይመስላል፤ ከታች ያለው ብረት በኤሌክትሪክ ግሎ የእንጨት ስባሪ ያጤሳል፤ ከላይ በተደረደረው ሽቦ ላይ የተቀመጠውም ሥጋ በዝግታ ይበስላል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር አሳሰበን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የአገራችን 220 ነው። ዕቃውን እንደ መጣ ሰክተነው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን በተቃጠለ ነበር። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን፥ የዕቃውን ዋት የሚችልና ኀይሉን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር አስገጠምን።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። ከዕቃው ጋራ የመጣው መጽሐፍ የአሳማ ትከሻ እንዲቀድም ይመክራል፤ ይህ ለቤታችን የማይሆን ስለ ሆነ አለፍነው። ባለቤታችን «ዶሮ ይሁን፤ ውስጡ 74 ዲግሪ ከደረሰ ይበቃዋል፤ ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው» አሉ። እኛ ግን እንግዳ ጠርተን ለማሳየት ስለ ጓጓን፥ ሙሉ ፍሪምባ ይግባ አልን። ዳሩ ግን ፍሪምባ ጅማታም ስለ ሆነ ውስጡ 95 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይላላም፤ ለዚህም ዐሥር ሰዓት ወይም ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል።

እናታችን ሁላችንንም ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ጣዕሙን የማታውቁትን አብስላችሁ የዕቃውን መልካምነት በምን ትለያላችሁ? በመጀመሪያ ቋንጣ ይግባ፤ የቋንጣን ነገር እኔ ዐውቀዋለሁ» አሉ። ነገሩም እውነት ነው። በከፋ ዝናብ ከዓመቱ ብዙውን ወር ስለሚይዝ፥ በቤታችን ቋንጣ በነፋስ ብቻ ደርቆ አያውቅም፤ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ በጢስ ይደርቃል። እናታችንም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ምድጃ አጠገብ ቆመው ይህን ሲሠሩ ኖረዋል።

እንጨቱም ምክር አስፈለገው። ጥድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት ስላላቸው ሥጋውን መራራ ያደርጉታል። ከደኑ መቁረጥ ደግሞ ነውር ነው፤ የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ የገባ ነውና። ስለዚህ በጓሯችን አርጅቶ የተጎነደለውን የቡና ግንድ አድርቀን ፈለጥነው።

እናታችን ሥጋውን ራሳቸው ዘለዘሉት፤ ጨውና በርበሬ፥ ኮረሪማና ጥምዝም አሹበት። ሙቀቱን 80 ዲግሪ አድርገን ዘጋንበት። ሦስት ሰዓት ያህል እንደ ቈየ መብራት ጠፋ፤ እስከ ምሽትም አልተመለሰ። ያን ጊዜ እኛና ባለቤታችን ተያየን። ፍሪምባ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ፥ ግማሽ በስሎ ለብ ባለ ሙቀት ውስጥ ሲውል ተበላሽቶ በተጣለ፥ እኛም በእንግዶቻችን ፊት ባፈርን ነበር። ቋንጣው ግን ቀጭን ስለ ሆነ ቀድሞ በስሏል፤ ጨውም ጠብቆታል። መብራቱ ሲመለስ ማድረቁ ካቆመበት ቀጠለ።

በማግሥቱ እናታችን አንዱን ዘለላ ቆርሰው ከቆጮ ጋራ ቀመሱና ዝም አሉ። እኛም ፍርዳቸውን በጭንቀት ጠበቅን። በመጨረሻም፥ «ጢሱ ከምድጃው ያንሳል፤ ነገር ግን ዛሬ ዓይኔ ሳያለቅስ ቋንጣ በላሁ» አሉን።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ቤታችሁ የሚገባ አንባቢዎች ሆይ፥ ምክራችን አጭር ነው። በመጀመሪያ ቮልቱን መርምሩ፤ ቀጥሎም ለእንግዳ የሚያስደንቀውን ትታችሁ፥ የቤቱ ሽማግሌ ጣዕሙን የሚያውቁትን አስገቡበት። ፍሪምባው እስከ በዓል ይቈያል።