የተሸጠው ዳዊት

ቤተ መዘክር ማለት የነገሥታት ዘውድና የጀግኖች ጋሻ የሚቀመጥበት ቤት ብቻ ይመስልዎ ይሆናል። እኔም ሐረርን እስካይ ድረስ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በጁገል ግንብ ውስጥ፥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባል ፊቱ በእንጨት ቅርጽ ያጌጠ ባለ ፎቅ ቤት አለ። የሸሪፍ ቤተ መዘክር የሚገኘው በዚህ ቤት ነው። ከ1879 ዓ.ም. በፊት ከተማይቱን ይገዙ የነበሩ አሚሮች ያስመቱትን ገንዘብ፥ የሴቶቹን የብር ጌጥ፥ በግድግዳ የሚሰቀለውን ባለ ቀለም ስፌት፥ በእጅ የተጻፈውን ቁርዓን ከነቆዳ ልባሱ እዚያ አየሁ። የቀድሞ ዘፈኖች የተቀዱባቸው ክሮች እንኳ ሳይቀሩ ተሰብስበዋል።

ይህን ሁሉ የሰበሰቡት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የከተማው ተወላጅ ናቸው። ከየቤተ ሰቡ እየለመኑና እየገዙ ያከማቹትን፥ አስቀድሞ በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ያሳዩ ነበር፤ ያረጁትንም መጻሕፍት በእጃቸው ሲጠግኑ ኖረዋል።

ከአንድ የተጠገነ መጽሐፍ ፊት ቆሜ ሳለሁ አያቴ ትዝ አሉኝ። አያቴ የብራና ዳዊት ነበራቸው፤ ከነማኅደሩ በትከሻቸው አንግተው ቤተ ክርስቲያን ይስሙ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ፥ እኔ በጀማሪ ጸሐፊነት በተቀጠርሁበት ዓመት፥ አንድ ነጋዴ ከቤታችን መጣ። ደመወዜ ከወር ወር አላደርሰኝ ብሎ ነበርና፥ ዳዊቱን በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ሸጥሁለት። እናቴ በሰማች ጊዜ አልተቆጣችም። «የሁላችንን የልደት ቀን በኅዳጉ ላይ ጽፎት ነበር፤ ያንተንም ጭምር» አለችኝና ዝም አለች። ጫማው ዓመት እንኳ አልቆየም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለዕረፍት ወደ ወላጆችዎ ቤት በሄዱ ጊዜ፥ ከቆጡ ላይ ያለውን አሮጌ ዕቃ አይናቁ። ማን እንደ ሠራው፥ ለማን ሠርግ ወይም ለየትኛው ዘመቻ እንደ ዋለ እናትዎን ይጠይቁና በደብተርዎ ይጻፉ። ቤት ቢጠበው እንኳ ለቤተ መዘክር ቢሰጡት፥ የልጅ ልጅ ሄዶ ያየዋል። የእኔን ዳዊት ግን የት ሄጄ ልየው?