ሱቁ የማን ነው?

ዛሬ የማወራችሁ የራሴን ጥፋት ነው።

አጎቴ መርካቶ ውስጥ፣ ከአንዋር መስጂድ ብዙም ሳይርቅ፣ ምንጣፍ ይሸጣሉ። የኮምፒውተር ትምህርቴን እንደጨረስኩ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። ያምራል፤ ያየው ሁሉ ያደንቃል። ግን አንዲት ዋጋ ለመቀየር ኮዱን ከፍቶ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ያንን የምችለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። የድረ ገጹን ስም እንኳ ያስመዘገብኩት በራሴ ኢሜይል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ተፈላጊ መሆን ይጣፍጣል።

ከዚያ ሥራ ያዝኩ። አጎቴ ይደውላሉ፦ «ዋጋ ጨምሯል፣ አስተካክልልኝ።» እኔ «እሺ፣ ማታ» እላለሁ። ማታው ሳምንት ይሆናል።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን ቤት ሊያደራጁ ከደሴ መጡ። ስልካቸው ላይ የድሮው ዋጋ አለ። ገንዘባቸውንም በዚያው ልክ ቆጥረው ነው የያዙት። አጎቴ ምንም ሳይሉ ከገዙበት በታች ሸጡላቸው። ማታ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በኔ ስም የተጻፈውን እኔ ማረም ካልቻልኩ ሱቁ የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ሁሉንም አፍርሼ በዎርድፕረስ ሠራሁት። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በመጣው ማረሚያው ጽሑፉም ፎቶውም እንደ ጡብ ለየብቻ ተደርድሮ ይታያል፤ የፈለጉትን ነክቶ መጻፍ ነው፣ ኮድ የለም። ለአጎቴ የሰጠኋቸው የአስተዳዳሪን ሳይሆን የአርታኢን ፈቃድ ነው። ገጹን እንደፈለጉ ያርማሉ፤ የድረ ገጹን መልክና ቅንብር ግን በስህተት አይነኩም።

«ባበላሸውስ?» አሉ። ፈርተው ነበር። ፊታቸው የአንዱን ገጽ ጽሑፍ በሙሉ አጠፋሁና መልሼ አመጣሁት፤ ፕሮግራሙ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ያስቀምጣል። ሳቁ።

የከበዳቸው ሌላ ነው። ዋጋውን ያስተካክሉና ማስቀመጫውን ሳይጫኑ ይወጣሉ፤ የጻፉት ሁሉ ወዲያው የወጣ ይመስላቸዋል። ሁለት ቀን ተናደዱ። በመጨረሻ ሦስት መስመር በአማርኛ ጽፌ የገንዘብ መሳቢያቸው ላይ ለጠፍኩ። ዋናው ትምህርት እሱ ሆነ!

ለሱቅም ሆነ ለመስጂድ ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ ከማስረከባችሁ በፊት ባለቤቱን አስቀምጡና አንድ ነገር ራሱ ይቀይር። እናንተ እጃችሁን ከኪሳችሁ እንዳታወጡ። ከተቸገረ ያልጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ። የድረ ገጹንም ስም በሱ ኢሜይል አስመዝግቡለት፤ እኔ የአጎቴን ያዛወርኩት ቆይቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት ገጹን ከፈትኩት። ዋጋዎቹ ከዐስር ሶላት በኋላ ታርመዋል። ከታች ደግሞ «ለበለጠ መረጃ» ከሚለው ሥር የነበረውን የኔን ስልክ ቁጥር አጥፍተው የራሳቸውን ጽፈዋል።