የዓለም ጫፍ ቀረ

ከጧት ጀምሮ «ደረሳችሁ? ፎቶ የታለ?» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ፦ አልሄድንም። የዓለም ጫፍ ቀረ።

ሰባት ሳምንት ነው የተዘጋጀነው። እዚህ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፣ አራት ሴት በአንድ ጁምዓ ማገናኘት ሠርግ ከመደገስ ይከብዳል። የአንዷ ማዳም ስትፈቅድ የሌላዋ ልጅ ያተኩሰዋል፤ እሱ ሲሻለው ሦስተኛዋን ይዘዋት ጂዳ ይወርዳሉ። በስንት ልመና ዛሬ ገጠመልን፦ እኔ፣ የከሚሴዋ፣ የወልዲያዋ፣ የባቲዋ። ስማችንን አልጽፍም፣ ምክንያቱን አታጡትም።

ቦታውን ለማታውቁት፣ ከሪያድ በሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የጡወይቅ ተራራ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ የቆመበት ገደል አለ። ዐረቦቹ ጀበል ፊህረይን ይሉታል። መጨረሻው ላይ አስፋልቱ ያልቅና ፎርዊል መኪና ይፈልጋል። እኔን ያጓጓኝ ገደሉ አይደለም፤ የወሎ ልጅ ገደል ብርቋ አይደለም። የናፈቀኝ ነፋሱ ነው። መስኮቱ በማይከፈት ቤት ውስጥ ሌትም ቀንም የኤሲ አየር ስስብ ከርሜ፣ ከፍ ያለ ቦታ ቆሜ ሻሼን ነፋስ ሲጎትተው አንድ ጊዜ ማየት ፈልጌ ነበር። ይኸው ብቻ ነው።

በሐበሻ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የባቲዋ ደወለች። ቧንቧ ከፍታ ነው የምታወራው፣ ሰው እንዳይሰማት። «እንግዳ አለ ተባልኩ። ከቀሲም ይመጣሉ። እናንተ ሂዱ፣ በአላህ፣ እኔን ብላችሁ እንዳትቀሩ።» እኔ አፌ ተያዘ። የከሚሴዋ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «አንቺ ሳትኖሪ የምን የዓለም ጫፍ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቧንቧው ብቻ ነበር የሚሰማው።

ሕጉማ አለ። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት፣ ከነደሞዙ ዕረፍት ይላል። በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ሥራ የለም ይላል። የባቲዋ ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች፣ ዐረብኛውን ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች። ግን እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሳለ ስልክ አውጥታ ለማዳም አንቀጽ ታንብብ? ዛሬ አንብባ ነገ እዚያው ቤት እኮ ነው የምታድረው። ስለዚህ «ለምን መብቷን አልጠየቀችም» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ አትበሉ።

ሹፌሩ ሐበሻ ነው፣ ቀብዱን 150 ሪያል አልመልስም አለ። አልተቀየምኩትም። ቤንዚኑን ሞልቷል፤ ሌላ ሰው ሲጠራውም ለኛ ብሎ እምቢ ብሏል። እሱም ያለው ጁምዓ አንድ ነው።

ሦስታችን መንፉሃ ሰፈር፣ ፍሪ (ያለ ቋሚ አሠሪ በግላቸው) የሚሠሩት ልጆች ቤት፣ የታሸገውን ምግብ ከበን ቁጭ አልን። የዶሮ ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦ፣ በፔርሙዝ ቡና። የወልዲያዋ አባያዋን እንደለበሰች ብድግ አለች። «እኔ ወጥቻለሁ። የወጣሁበትን ቀን መልሼ አላስረክብም።» ባቡር እንሳፈር አለች። ሦስታችንም ተሳፍረን አናውቅም።

ይህን ሳስብ ነው የደነገጥኩት። የሪያድ ከተማ ባቡር 2024 ዲሴምበር 1 ነው የተከፈተው። ስድስት መስመር፣ 85 ጣቢያ፣ 176 ኪሎ ሜትር። የማሳድገው ልጅ የመስመሮቹን ቀለም እንደ መዝሙር ይወርድልኛል። እኔ 14 ዓመት ሪያድ ኖሬ ሪያድን የማውቃት በመኪና መስታወት ነው፣ ከኋላ ወንበር፣ ልጅ ታቅፌ።

መንፉሃ ራሱ ጣቢያ አለው፣ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። ያን ስም ግድግዳ ላይ ሳነብ እግሬ ቀጥ አለ። ኅዳር ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2006፣ ፈቃድ የሌለው ሐበሻ ሲታፈስ፣ እዚህ ሰፈር የሆነውን እዚህ የነበራችሁ አትረሱትም። በዚያ ሰሞን የማውቃቸው ልጆች በነጠላ ጫማ ነው የሄዱት። በጥቂት ወር ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገር ተመልሷል። ዛሬ እዚያው ሰፈር በ4 ሪያል ትኬት ቆርጬ ገባሁ፣ በሩ ብቻውን ተከፈተልኝ፣ ማንም «ወዴት ነሽ» አላለኝም። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ሆዴ ተላወሰ። ሁለቱም ነው።

ሾፌር የለውም! የከሚሴዋ ይህን ለማመን እስከ ፊት ድረስ ሄዳ አይታ መጣች። «እውነትም ማንም የለም፣ ቢስሚላህ በሉ» ብላ መሐላችን ተሸጎጠች። የቤተሰብ ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጥነው። የባጣን ጣቢያ አለፍን። ጥቂት እንደሄድን ድምፅ ማጉያው የሚቀጥለውን ጣቢያ ጠራ፦ አል ጀዋዛት፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ስም። የወልዲያዋ እጅ በራሱ ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ይዞ ወጣ። ማንም አልጠየቃት! ሳቃችን ሲያመልጠን ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሕንዳዊት ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች።

እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ቆመ። ጀዋዛት ሲባል ኢጃዛዬ፣ አገር የገባሁበት ዕረፍቴ፣ መጣብኝ፣ የአምናው። ወደ ባቡሩ እመለሳለሁ፣ ይህችን ልተንፍሳት።

ሁለት ዓመት ሠርተሽ 30 ቀን። ሁለት ዓመት ማለት 104 ጁምዓ ነው፣ ያውም ሁሉንም ከሰጡሽ። ከዚያ መውጫ መመለሻ ቪዛው፣ እስከ ሁለት ወር 200 ሪያል፣ ጠያቂው አንቺ አይደለሽም፣ ከፊልሽ፣ አሠሪሽ ነው። በ2021 የአሠሪ ለውጥና የመውጫ ነገር ተሻሻለ ሲባል እልል ያልን አለን፤ የቤት ሠራተኛ ግን እዚያ ውስጥ አልገባችም ነበር። ብቻ ወጣልኝ። በዚያ 30 ቀን ውስጥ ለራሴ የፈለግኩት አንድ ቀን ነበር። ከእናቴ ጋር ሐይቅ መሄድ።

ሐይቅን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እናቴ ደሴ ተወልዳ፣ ደሴ ወልዳ፣ ያን ውኃ ከአውቶብስ መስኮት እንጂ አጠገቡ ቁጭ ብላ አይታው አታውቅም። ዓሣ ላብላት፣ ሣር ላይ ላስቀምጣት፣ ጫማዋን ላውልቅላት ብዬ ነበር። ለራሴም ለዚያች ቀን ብዬ ስፖርት ጫማ ገዛሁ፣ ነጭ።

ካርቶኔ ገና ሪያድ ኤርፖርት ሚዛን ላይ ሲወጣ ሦስት ኪሎ በለጠ። የአየር መንገዱን ስም ተዉት። ሰልፉ ከኋላዬ እየጮኸ ካርቶኑን መሬት ላይ ፈታሁት። እንግዲህ ምን ይውጣ? ብርድ ልብሱ የአክስቴ ነው። ታንጉ የጎረቤት ልጆች ነው። ሽቶው የአጎቴ ልጅ ነው፣ ስሟን ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ቴምሩ ለአባቴ ነፍስ ማሰቢያ ነው። በዚያ ሁሉ ካርቶን ውስጥ የእኔ የሆነ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ጫማውንና አንድ ቀሚስ ነበር። አወጣኋቸው፤ ሦስት ኪሎው እንዲሞላ አንድ ጣሳ ወተትም ጨምሬ አወጣሁ። ልትሸኘኝ ለመጣችው ለከሚሴዋ ሰጠኋት። አላለቀስኩም፣ በረራው ሊያመልጠኝ ነበር።

ከዚያ 30ው ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት እንኳን ደህና መጣሽ ነው። በር አይዘጋም፣ ቡናው አይነሣም፣ እኔም ናፍቄ ነበርና ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ሳምንት ለቅሶ ነው፤ ሁለት ዓመት የሞተ ሰው ሁሉ ዕዳዬ ነው፣ አንዱን ደርሼ ሌላውን ብቀር ለእናቴ ስም ነው የሚተርፈው። ሰባት ቤት ደረስኩ፣ ሰባት ቤት አለቀስኩ። ሦስተኛው ሳምንት ቀበሌ ነው፣ የወንድሜ ጉዳይ ነው፣ ሽቶ ያልደረሳት የአክስት ልጅ ኩርፊያ ነው። ማንም ክፉ ሰው የለም። ሁሉም በፍቅር ነው የሚጎትተኝ፣ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ግን በ20ኛው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ዝም ብዬ መቆም ጀመርኩ። ሪያድም ሲደክመኝ እንዲሁ ነው የማደርገው። ያን ጊዜ ነው «ዕረፍት ላይ አይደለሁም» ብዬ ለራሴ የነገርኩት።

በ27ኛው ቀን «እማዬ ነገ ሐይቅ እንሂድ፣ መኪና ያዝኩ» አልኳት። እናቴ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ በርበሬ ታገላብጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ በርበሬሽ አልደረቀም። ነገ ጸሐይ ካጣሁ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?»

ምን ልበላት? ለኔው ነው የምታደርቀው። አብሬያት ተቀምጬ ሁለት ቀን በርበሬ አገላበጥኩ። ጥሩ ሁለት ቀን ነበር፣ አልክድም። ሐይቅ ግን አልሄድንም።

«አንቺማ ትዞሪያለሽ፣ ያቺ የአብሃ ፎቶሽ» የምትሉኝ አላችሁና ስለሱም ልንገራችሁ። እዚሁ ሳዑዲ ያለችው አብሃ ከአሠሪዎቼ ጋር ሦስት ክረምት ሄጃለሁ። ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና፣ ሕፃን ጭኔ ላይ። አገሩ ሱብሃነላህ ያሰኛል፤ ጉም አለው፣ ዝናብ አለው፣ መንገድ ዳር በለስ ይሸጣሉ፣ አስፋልቱ ላይ ዝንጀሮ ተሰልፎ ይቀመጣል። ልክ አገሬ። ያየሁት ግን በተከራዩት ቤት የወጥ ቤት መስኮት ነው፤ ለ14 ሰው ስቀቅል፣ ለ14 ሰው ሳጥብ። እነሱ ኢጃዛ ሄዱ፣ እኔ ወጥ ቤት ቀየርኩ። ያ ፎቶ ቆሻሻ ልጥል የወጣሁ ጊዜ የተነሣሁት ነው። ቆንጆ ፎቶ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ጉዞ አትበሉብኝ።

እሺ፣ ወደ ባቡሩ።

ከደቡብ ወደ ሰሜን ስንሄድ የሚሳፈረው ሰው ልብስ እየተቀየረ ይመጣል፤ ባጣ ላይ የሥራ ጫማና ፌስታል ነበር፣ በኋላ ላፕቶፕና ሽቶ ሆነ። እኛ ከነፌስታላችን ቀጠልን። ካፍድ በሚሉት በትልልቆቹ የባንክ ፎቆች መሐል ወረድን። ጣቢያው ራሱ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ ነጭ ነው፣ ነፋስ አሸዋ ላይ እንደጻፈው ይጠማዘዛል። የነደፈው ባግዳድ የተወለደችው የአርክቴክት ዛሃ ሐዲድ ቢሮ ነው። እሷ በ2016 ሞታለች፣ ሲከፈት አላየችውም። ይህን ለሁለቱ ስነግራቸው የወልዲያዋ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አድርጋ «ሴት ናት?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ ግን እየዞረች ደጋግማ ታየው ነበር።

ውጪ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ያዝን። ጁምዓ ስለሆነ ቢሮው ሁሉ ዝግ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። በሁለት ፎቅ መካከል ነፋስ አለ! ሻሼን ያዘው። እመኑኝ፣ ትልቅ ነፋስ ነው። የከሚሴዋ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ያ ነጭ ጫማ እግሯ ላይ ነው። «ለዛሬ ብዬ ነው ያወጣሁት» አለችኝ። ለካ ዓመት ሙሉ አላደረገችውም ነበር።

ፍርፍሩን ከፈትነው። በእናቴ በርበሬ ነው የሠራሁት፣ በዚያው። ሽታው ወጥቶ ሲሄድ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ፤ ሊያስነሣን ነው ብለን ሦስታችንም ዕቃ ስንሰበስብ ሱዳናዊ ሆኖ ተገኘ። «ሐበሻ?» አለ፣ ሳቀ፣ ድፎውን ቆርሰን ሰጠነው፣ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ብሎን ሄደ። ቡናውን ሦስት ጊዜ ቀዳን፤ ስኒ ስላልነበረን በፔርሙዙ ክዳን እየተቀባበልን ጠጣን። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ስሜን አልጠራም።

የባቲዋ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ አይታይም፣ ስልኩን ዕቃ ማጠቢያው ላይ አስደግፋዋለች፣ ጣሪያው ነው የሚታየን። «አሳዩኝ» አለች። ስልኩን ወደ ላይ አዙሬ ፎቆቹን አንድ በአንድ አሳየኋት፣ ጣቢያውን አሳየኋት፣ ሻሻችንን ነፋስ ሲጎትተው አሳየኋት። «እንዴት ያምራል» አለች፣ ከዚያ አንድ ሰው ጠራትና ተዘጋ።

የእሷን ድርሻ ፍርፍር በሳሕን ለይተን ይዘን ተመለስን። አሁን እኔ ዘንድ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። እስከሚቀጥለው ጁምዓ አይቆይም፣ ይበላሻል። ቢቆይም ለሚቀጥለው ጁምዓ ማን ዋስ አለኝ። ደክሞኛል፣ ልጁ ነገ በጠዋት ይነሣል፣ ልተኛ።