የቡሽ ባርኔጣና የመንዝ ገሳ

በቅርቡ ከሊዝቦን ወደ ምሥራቅ ተጉዘን፣ በአሌንቴዦ አውራጃ ከምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የቡሽ ባርኔጣ ከሚሰፋበት ሱቅ በገባን ጊዜ፣ አብሮኝ የነበረው ያገሬ ልጅ አንዱን ባርኔጣ አንሥቶ በእጁ እየመዘነ፣ «እነዚህ ሰዎች ከዛፍ ልጣጭ ይህን የመሰለ ጥበብ ሲያወጡ፣ የኛ እረኛ እስከ ዛሬ የሣር ገሳ ደፍቶ ክረምቱን ይገፋል» ብሎ የተናገረው ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ወዳጄ ነገሩን በክፋት አልተናገረውም፤ ይሁን እንጂ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ያገሩ ነገር ሲናቅ ሲሰማ እንደሚሆነው ሁሉ ሆድ ባሰኝ፤ ስለዚህም ነገሩን በጽሑፍ ላመዛዝነው ወደድሁ።

ባርኔጣው በእውነት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ባለሱቋ እመቤት በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው፤ ባርኔጣውን ገልብጠው ስፌቱን ካሳዩን በኋላ፣ መልሰው አቃንተው ከብርጭቆ ውሃ አፈሰሱበት፤ ውሃውም በኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠል እየተንከባለለ ወረደ፤ በጨርቅ ጠረግ ቢያደርጉትም ባርኔጣው ጠብታ ያልነካው መስሎ ተገኘ። ምክንያቱም ቡሽ አብዛኛው አካሉ አየር የሆነ፣ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ጓዳዎች የተሞላ፣ የጓዳዎቹም ግድግዳ ሱበሪን በሚባል ሰም መሰል ነገር የተለበጠ በመሆኑ፣ ክብደቱ እጅግ ቀላል ነው፣ ውሃም አያሳልፍም። ይህንኑ ቡሽ ቀቅለውና አስተካክለው እንደ ወረቀት በሳሳ ገበታ ይሰነጥቁታል፤ ከጥጥ ጨርቅ ጋር አጣብቀው እንደ ለስላሳ ቆዳ ካደረጉት በኋላም አናቱን፣ ዙሪያውንና ክፈፉን ለየብቻ ቆርጠው ይገጣጥሙታል። ሰፊዋ እንደ ነገሩን፣ መርፌ የወጋው ቀዳዳ ታይቶ ስለሚቀር፣ የተሳሳተውን ስፌት ፈትቶ እንደገና መስፋት ሥራውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ እጃቸው በስፌት መኪናው ላይ ሲሄድ ችኮላ የሚባል ነገር አይታይበትም።

ከባርኔጣው ይልቅ ግን እኔን ያስደነቀኝ የዛፉ ሥርዓት ነው። የቡሽ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢያንስ 9 ዓመት ሳይሞላው ዳግመኛ እንዳይላጥ የፖርቱጋል ሕግ ይከለክላል። ላጮቹ ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ ልጣጩ ከግንዱ በሚለቅበት ወራት፣ የውስጡን ሕያው ሽፋን ሳያቆስሉ በመጥረቢያ ገልጠው ያወጡትና፣ ቀይ ሆኖ በቀረው ግንድ ላይ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ በነጭ ቀለም ይጽፉበታል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 የተላጠው ዛፍ «4» የሚል ቁጥር ተሸክሞ እስከ 2033 ድረስ ማንም ሳይነካው ይቆማል። ዛፉን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የአገሪቱም ምክር ቤት በዚያው አቈጣጠር በ2011 ብሔራዊ ዛፍ ብሎ ሰይሞታል። በዓለም ከሚመረተው ቡሽ ግማሽ ያህሉ ከዚህች ትንሽ አገር የሚወጣው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እኛ ዘንድ ልጥ የተላጠ ዛፍ ይደርቃል እንጂ ማን ዘጠኝ ዓመት ይጠብቀዋል?» አለ። ስለ ልጡ እውነቱን ነው። ነገር ግን እርሱ የናቀው ገሳ የሚታጨድበትን ምድር ረስቶታል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እንዲበቃ፣ አበው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሜዳውን በመረጡት አለቃ እያስጠበቁ፣ 3 ዓመት ወይም እስከ 5 ዓመት ዘግተው፣ ከብት እንዳይገባበት፣ ማጭድም እንዳያርፍበት ያደርጉ ነበር። በግንድ ላይ የተጻፈ ቁጥር አልነበራቸውም፤ የሽማግሎች ቃል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣንና የጎረቤት ዓይን ግን ከቀለም ይልቅ የጸና ጽሕፈት ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ኖረ፤ ዛሬም ያገሩ ሰው የጓሳን ሜዳ በማኅበር ስለሚጠብቀው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። እንግዲህ ተፈጥሮን ቀጥሮ መጠበቅ የፖርቱጋል ብቻ ጥበብ አይደለም።

ቡሽ ባርኔጣ የሚባለውም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ዘመን ደፍተውት በተነሡት ፎቶግራፍ ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን እርሱ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ የሹመትና የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ገሳው ደግሞ የእረኛ ሆኖ ቀረ። ሠሪውን በሙያው እየሰደቡ፣ ከውጭ የመጣውን ማክበር አሮጌ ደዌያችን ነው፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩት ይህንኑ ደዌ ለመፈወስ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ስለ ገሳ ብቻ ብከራከር ግን ፍርዱ ይጎድላል። ገሳ ከራስ እስከ ወገብ ይከልላል፤ ባርኔጣ ግን ነፋስ አዝሎ የሚመጣውን ዝናብ ከትከሻ በታች አያግደውም። ነገር ግን ገሳ ለብሶ አውቶቡስ መግባት እንደማያመች አይካድም። የባርኔጣው ዋጋ በመጀመሪያ ቢያስቆጣኝም፣ ባለሱቋ በሙያቸው ተከብረው እንደሚኖሩ ባየሁ ጊዜ ያለ ክርክር ከፈልሁ፤ በሊዝቦን ዝናብም ደፍቼው እሄዳለሁ፣ እወደዋለሁም።

ስለዚህ የሁለቱ አገር ልዩነት በትዕግሥት ወይም በብልሃት ሳይሆን፣ ጠብቀው ያገኙትን ነገር በማክበር ላይ ይመስለኛል። ፖርቱጋላውያን የዛፋቸውን ልጣጭ በጨርቅ ለብጠው ለከተማ ሰው የሚስማማ አድርገውታል፤ የመንዝን ሣር በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ገበር አልብሶ፣ ሠሪውን በስሙ ጠርቶ፣ ለደብረ ብርሃንና ለአዲስ አበባ ክረምት የሚሆን ባርኔጣ መስፋት ለኛ ሰፊዎች የሚያቅት ሥራ አይደለም። የጎደለው ከእኛ ከሸማቾቹ ዘንድ ነው፤ ያገር እጅ የሠራውን ሳንከራከር እንክፈልበት።